ባይበሉም የሚሠራው ክኒን

እናቴ መድኃኒት እህል አይደለም ባይ ናት። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በአስተሰርዮ ማለዳ፣ እህልም ውሃም በማይቀመስበት ቀን፣ የስኳር ክኒኖቿን በደረቁ ዋጥ አድርጋ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን ወዳለው ጸሎት ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ ለጸሎቱ ሳይሆን እሷን ለመደገፍ።

ከቀትር በኋላ ቄሱ በግዕዝ ሲያዜሙ ላብ አጠመቃት፣ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ጸሎቱ የነካት መስሏቸው «ታድላ!» አሉ። በሟች እህቷ ስም እስክትጠራኝ ድረስ እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። አንዲት ሴት ከጎረቤት ጭማቂ ይዛ ብትመጣ እናቴ ጥርሷን ነከሰች። ቄሱ ዜማቸውን አቋርጠው መጡ።

«ጠጪ ልጄ» አሏት። «ሞተሽ የምትጾሚው ጾም የለም።»

ጠጣች፤ ግን ተቆጥታ ነበር።

በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ኩፓት ሆሊም፣ ሄድን። ነርሷ የእኛው አገር ልጅ ናት፤ ሦስቱን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልን።

«እማማ፣ ሦስቱም ስኳር ያወርዳሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው» አለች። «ይሄ ትልቁ ነጩ ጉበት ላይ ይሠራል። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ሳንበላም ወደ ደም ይለቃል፤ እሱን ይገታልዎታል። ይሄኛው ደግሞ ስኳሩ በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር እንዲወጣ ያደርጋል። ውሃም አብሮ ስለሚወጣ ሳይጠጡ መዋል ያደርቅዎታል። ትንሿ ግን ጉደኛ ናት። ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለች ትጎተጉተዋለች፤ ይብሉ አይብሉ አትጠይቅም። ያን ቀን የጣለችዎ እሷ ናት።»

እናቴ ትንሿን ክኒን በጥፍሯ ገፋ አደረገቻት። «ስበላ ብቻ የምትሠራ የለችም?»

«አለች፤ ምግብ ሲገባ ቆሽትን የምታግዝ። በሳምንት አንዴ የሚወጋም አለ። እሱ ጨጓራን ያዘገያል፣ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል።»

«እሱንስ ለልጄ ስጫት።»

ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐኪሙ ትንሿን ክኒን ቀየረላት። እናቴም አዋቂ ሆነች። የሰፈራችን ሴቶች «ለእኔ የበጀኝ ላንቺም ይበጅሻል» እየተባባሉ ክኒን እንደ ጨው ይበዳደሩ ነበር፤ አሁን እሷ ደጅ ተቀምጣ «የማንን ክኒን ለማን ትሰጫለሽ?» እያለች ትቆጣቸዋለች። ይህ ሁሉ ትጋት ለጤናዋ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ጾሙ ሲቃረብ «ክኒኗ ተቀይራለች፤ ልጹም ይፍቀድልኝ፣ ሐኪሙ ዘንድ ውሰጂኝ» አለችኝ። እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሳ ገባች። ሐኪሙ ምርመራዋን አይቶ፣ ክኒኑ ተስማምቷታል፣ ኩላሊቷ ግን ደክሟል፣ ውሃ ሳትጠጣ መዋል አትችልም አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በዕብራይስጥ «አሱር» አላት። ክልክል ማለቱን መተርጎም አላስፈለገኝም።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ፊቷን አዞረችብኝ። እኔ ኩርፊያ አልችልም። «እግዚአብሔር ታመሽ ጹሚ አላለሽ፤ ምን ሆነሽ ነው የምታኮርፊው?» አልኳት።

«ወንድምሽ ወደዚህ ስንሰደድ ሱዳን ላይ በረሃብ ነው የሞተ» አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «አንቺ ሳትወለጂ ነው። የምሰጠው አልነበረኝም። በዓመት አንድ ቀን አብሬው እራባለሁ።»

ወንድም እንደነበረኝ ያን ቀን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሰማሁ። አዘንኩ፤ ተናደድኩም። ለምን እንደደበቀችኝ ብጠይቃት፣ «ነግሬሽስ ምን ታደርጊለታለሽ?» አለች። ቆየችና ደግሞ «አሁን ማን ይራብለት?» አለች።

እኔ ኤመቅ ሳራ፣ የፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ ወደምሠራበት መጋዘን ስገባ ቁርሴን፣ ስወጣ ምሳዬን የምበላ ሰው ነኝ። ጾም ሲባል ገና ከዋዜማው ይርበኛል። የአስተሰርዮ ዕለት ግን ሾርባዋን አሙቄ፣ ውሃዋንና ክኒኗን አቅርቤላት ፊት ለፊቷ ባዶ ሆዴን ተቀመጥኩ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም።

«ራበሽ?» አለችኝ።

«ራበኝ።»

«አንጀትሽን ይዞሻል?»

«ይዞኛል እማ።»

ያኔ ማንኪያዋን አነሳች።