የእህቴ ድመት መቃብር

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ ሐሜቴን ተናዝዣለሁ፣ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ የደንበኛ ትራፊ ጨርቅ ማስቀረቴን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። እህቴ በየዓመቱ የምታለቅስበት መቃብር ባዶ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ የትኛዋ እንደሆንኩ ፈልጋችሁ አታገኙኝም።

ነገሩ የድመት ነገር ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ የሌላ ሰው ጉድ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ከድመቷ በፊት እናቴ አለች። እማዬ የመጨረሻ ሦስት ዓመቷን እኔ ቤት ነበረች። ጉሮሮዋ ላይ የወጣው በሽታ እህል አላሳልፍ ብሏት፣ የቡላ አጥሚት በሻይ ማንኪያ እየሰጠሁ አንድ ኩባያ ለማስጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ታናሽ እህቴ ሮማን አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ለመስቀል ትመጣለች፣ እማዬን ትስማለች፣ ክትፎዋን በልታ ትመለሳለች። እማዬ ያረፈች ቀን ደረሰችና ፊቷን ገልጣ አየች። እማዬ ቆዳና አጥንት ሆና ነበር። ሮማን ሰው በሞላበት ድንኳን ውስጥ ወደ እኔ ዞራ፣ «እናቴን በረሃብ ገደልሻት» አለችኝ።

አንድም ሰው አልመለሰላትም። በማግስቱ ንፍሮ ይዘው የመጡት ሴቶች ጓዳዬን አሻግረው ሲያዩ አየኋቸው። የእናቴን ምግብ የሠራሁበትን ድስት ይፈልጉ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ አለመርሳት ብቻ አይደለም፣ ያንን ቃል በየቀኑ እያነሣሁ እንደ ሕፃን አሳደግሁት።

ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ዓይኗን በጨው ታጥባ ደወለች። ለሥልጠና ስምንት ወር ውጭ አገር ልትሄድ ነው፤ ድመት አለቻት፤ የሚይዝላት አጥታለች። ስለ ድንኳኑ አንዲት ቃል አላነሣችም። «እታለም፣ ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?» አለችኝ። እናቷን በረሃብ ለገደለች ሴት ድመት አደራ ይሰጣል? ይህን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሺ አልኳት። አዝኜላት ነው ብል ዋሸሁ። የእሷ የሆነ፣ የምትሳሳለት ነገር እጄ እንዲገባ ፈልጌ ነው። ምን እንደማደርገው ያኔ አላውቅም፤ እጄ ይግባ ብቻ ነው ያልኩት።

ድመቷ ከነወረቀቷ መጣች። አገሩን ለቆ የሄደ ፈረንጅ ነው ለሮማን የሰጣት። ወረቀቱ ላይ እናቷ፣ አያቷ፣ ቅድመ አያቷ ከነስማቸው ተጽፈዋል። ዘሯ አቢሲኒያን ይባላል አለችኝ። ሐበሻ ናት ለካ፤ ሐበሻ አገር የመጣችው ግን በአውሮፕላን ነው። እማዬ እኮ የተወለደችበትን ዓመት የሚናገር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበራትም። ድመቷ ቀይ ጤፍ የመሰለች፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ እግሯ መለሎ ናት። ጎረቤቶቼ ይህች ሸለምጥማጥ እንጂ ድመት አይደለችም ብለው ዶሮዎቻቸውን ከተቱ።

አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል አታውቅም። መጋረጃ ትወጣለች፣ የበር እጀታ ላይ ተንጠልጥላ በር ትከፍታለች፣ ከቁም ሳጥን ወደ ጣቃው ክምር፣ ከክምሩ ወደ ስፌት መኪናው ትዘላለች። የክር ጥቅልል እስከ አስፋልት ድረስ አንከባልላ ታወጣብኛለች። አንዷን ሙሽራ ለቬሎዋ ስለካት ከቁም ሳጥን ላይ ትከሻዋ ላይ ወርዳባት፣ ልጅቷ ጮኻ ከሱቅ ወጣች፤ ቬሎዋንም ሌላ ሰው ሰፋላት። ሮማን በየቀኑ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። በቀን ሁለቴ አጫውቻት። ብቻዋን እንዳትውል፣ ይከፋታል። ውኃዋ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ሥጋው ጮማ እንዳይኖረው። በሦስት ዓመት ውስጥ እማዬ ምን በላች ብላ አንድ መልእክት አልላከችም። መልእክቶቹን እየደጋገምኩ እሰማቸው ነበር፤ ንዴቴ እንዳይበርድብኝ።

ድመቷን ለመጥላት ብዙ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እማዬ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ጭር ብሎ ነበር። ይህች ግን ጠዋት ፊቴ ላይ ቆማ ትቀሰቅሰኛለች። በክር ጫፍ ላይ ቁልፍ አስሬ ከመኪናው መርገጫ ጋር አንጠለጠልኩላት፤ እኔ ስረግጥ ቁልፉ ይዘላል፣ እሷ ታሳድዳለች፣ እንዲህ ስንጫወት እንውላለን። ሲደክማት ትከሻዬ ላይ ወጥታ ስሰፋ ታየኛለች። ለክትፎ የሚሆን ቀይ ሥጋ እየገዛሁ በእጄ አበላኋት። ሮማን ያወጣችላት ስም ቤላ ነበር። እኔ እሜቴ አልኳት። መጀመሪያ ለስድብ ነበር፤ የእመቤት ኑሮ ስለምትኖር። ኋላ ስሟ ሆነ። ሮማን በቪዲዮ ደውላ «ቤላ፣ ቤላዬ» እያለች ስትለምናት ድመቷ ዘወር ብላ አላየቻትም። ቀስ ብዬ «እሜቴ» አልኩ፤ ዘላ እቅፌ ገባች። የሮማን ፊት ሲለወጥ አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የምናገረው አይኖረኝም ነበር። ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሮማን ደወለች። ለመስቀል መጥቼ እወስዳታለሁ አለች። ከዚያ ስልኩ ላይ እያየቻት፣ እየሳቀች፣ «ከሳችብኝ እኮ። ታበያታለሽ ግን?» አለችኝ።

ቀልድ ይሆናል። እርግጠኛ ነኝ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተመልሼ ቆምኩ። የዚያኑ ዕለት ወሰንኩ። በንዴት ተነሥቼ ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ፤ በደንብ አስቤ፣ እንደ ልብስ ለክቼ ነው። መጀመሪያ ኔትወርክ እምቢ አለ እያልኩ ቪዲዮውን አቆምኩ። ቀጥሎ እሜቴን በተበሳ ካርቶን አድርጌ ቡኢ ወሰድኳት። እዚያ ስፌት አብራኝ የተማረች፣ አሁን ገበያ ዳር ቅመም የምትሸጥ ኸይሪያ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ጨርቅ እያበላሸች አስቸገረችኝ፣ አደራሽን ያዥልኝ አልኳት። ኸይሪያም ሳትጠራጠር ተቀበለችኝ። ከዚያ ጓሮዬ፣ እንሰቱ ሥር፣ አፈር ቆፍሬ መልሼ ከመርኩና ድንጋይ ጫንኩበት። አሥር ቀን ጠብቄ ለሮማን ደወልኩ።

«ሞተች» አልኳት። «በር በሩን እያየች፣ አንቺን እየጠበቀች፣ እህል አልቀምስ አለች።»

አለቀሰች፤ ለእማዬ ካለቀሰችው አላነሰም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ እተክል ጀመር። ስድስቱንም ቁልፍ ተክዬ ስጨርስ ታለቅስ ነበር። እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት። ሰይጣን አሳስቶኝ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ሮማን ለመስቀል መጣች። ከመኪና እንደወረደች ቤት ሳትገባ ጓሮ ውሰጂኝ አለች። ከመንገድ ዳር የለቀመችውን አደይ አበባ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ መሬት ተቀመጠች። «እታለም፣ አንቺን በረሃብ ገደልሽ ያልኩ ሰው» አለችኝ፣ «ይኸው እኔ ራሴ በረሃብ ገደልኩ።»

ያን ጊዜ ምን ማለት ነበረብኝ? እሜቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ቡኢ ላይ፣ የኸይሪያን የቅመም ጆንያ እየዘለለች ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ትከሻዋን ያዝ አድርጌ፣ ለለቅሶተኛ እንደሚባለው፣ «እግዜር ያጥናሽ» አልኳት። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ ሽማግሌ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላመጣውን ይቅርታ ውሸቴ አመጣልኝ። ታዲያ ለምን አልበቃኝም?

በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ መስቀል አይገባም። የተጣላ ይታረቃል፤ ያልታረቀ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ጣባ አይበላም። የጎመን ክትፎ ከመቅረቡ በፊት የእናታችን ወንድም ጋሼ ወልዴ እያንዳንዳችንን ይጠይቃል። በዚያ ቀን ሮማን ዘመድ ሁሉ ባለበት ጉልበቴ ላይ ወድቃ ስለ ድንኳኑ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ጋሼም ወደ እኔ ዞሮ፣ «በሆድሽ የቀረ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

ከዚያ ከአንድ ጣባ በላን። እህቴ በእጇ አጎረሰችኝ፤ ጎረስኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔን ግን ሳሉም አልያዘኝም፤ ጎመኑ እንዲያውም ጣፍጦኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነው። በየመስቀሉ ሮማን አደይ አበባዋን ይዛ ጓሮ ትሄዳለች፤ በየመስቀሉ ጋሼ ይጠይቀኛል፤ በየመስቀሉ የለም እላለሁ። እኔ በየገበያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡኢ እወርድ ነበር። እሜቴ የረዳቱን ጩኸት ስትሰማ ከሱቁ ዘላ ወጥታ ትከሻዬ ላይ ትሰፍራለች። በካርቶን ከወሰደቻት ሴት ይህን ያህል ምን ፈለገች? እህቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ ድመት አላሳደገችም። አበባ እንኳ ቤቷ አትተክልም። አንድ ጊዜ ጠይቄያት፣ «እኔ የያዝኩት ነገር አይሰነብትም» አለችኝ። ያን ስትለኝ አዘንኩላት። ውሸት እንዳይሆንብኝ ሌላውንም ልናገር፤ ከሐዘኑ ሥር ደስም አለኝ። ሁለቱ አብረው እንደሚኖሩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ዘንድሮ የመስቀል ልብስ ሥራ በዛብኝና አንድ ወር ሙሉ ቡኢ ሳልሄድ ቀረሁ። ያለፈው ሳምንት ኸይሪያ ደወለች። ድምፅዋ ፈርቶ ነበር። እሜቴ አርጅታለች፤ ከሱቁ በር አልነሣ ብላ፣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ቀና እያለች፣ ሥጋውንም ወተቱንም እምቢ ብላ ሰነበተች። ሐኪም አምጥቼ ኩላሊቷ ነው አለኝ፤ ዛሬ ሌሊት ሞተች አለች። ከዚያ፣ «አማናሽን በላሁ እንዳትዪኝ። ወላሂ አላስራብኳትም» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «አላስራብሻትም።»

እማዬ የሞተች ቀን ይህችን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ... ተውት። ይህ ማመካኛ ነው፤ ማመካኛ ፍለጋ አይደለም ወረቀት የያዝኩት።

ሄጄ አመጣኋት። በአንድ ሜትር ትራፊ ሐር ጠቀለልኳት፤ ቅልል ብላኝ ነበር። ጓሮ ድንጋዩን አንሥቼ፣ ከጎኑ የስምንት ዓመት ሳይሆን ያለፈው ዓመት የአደይ ጭራሮ ብቻ አገኘሁ፤ የቀረው አፈር ሆኗል። እዚያው ቆፍሬ ቀበርኳት። ድንጋዩን መልሼ ጭኜ እጄን ስታጠብ የመጣብኝን ሐሳብ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። አሁን ቢቆፈርም አልያዝም ብዬ አሰብኩ። በሕይወት ሳለች ብናገር ለእህቴ መልሼ የምሰጣት ድመት ነበረኝ። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእጅሽ የሞተ ነገር የለም የሚል ቃል። እሱንም እስካሁን ነፍጌያታለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን አልበደልኩም፤ የበደልኳት ደግሞ እሷ ናት እኔን ይቅርታ የጠየቀችው።

ዛሬ ጠዋት ሮማን ደውላ፣ «እታለም፣ አደዩ ፈክቷል ወይ?» አለችኝ። ፈክቷል አልኳት። ቶሎ ነይ፣ የምነግርሽ ነገር አለ አልኳት። ይህንንም ዓምናም ብያታለሁ፤ ካቻምናም ብያታለሁ። ስትመጣ ስለ ጎመኑ አወራታለሁ።