በኩታ ሥር የተጨመረው ለቀማ

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከሐረር ግንብ ከኤረር በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ውል እጽፍ ነበር። ጠረጴዛዬ የሻይ ሣጥን ነበር። እስከ ቀትር ጥላ አለ፤ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለሚመታ ሣጥኑን ተሸክሜ ወደ ማዶው ግንብ እሻገራለሁ። ለጋዜጣ ወሬ መላክ የጀመርኩት ኋላ ነው።

አባቴ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። እኔ ግን እዚያው ሐረር ተወልጄ ኦሮምኛውን ከሰፈር፣ በግንቡ ውስጥ የሚኖሩትን የጀጎሎችን ቋንቋ ከገበያ ለቅሜ አድጌአለሁ። እንጀራ ያበላኝም ይኸው ነበር። ውል የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ ከተዋዋዮቹ ብዙዎቹ ግን አማርኛ የሚያውቁት ለሰላምታና ለግብር ያህል ነው። እጽፋለሁ፣ በየቋንቋቸው ተርጉሜ እመልስላቸዋለሁ፣ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ።

አንድ ደንብ ነበረኝ። ውል የሚጻፈው ሁለቱ ተዋዋዮች ከሦስት ምስክሮች ጋር ሲቀርቡ ነው፤ የተጻፈው የሚለወጠውም እነዚያው ሦስት ሰዎች ባሉበት ነው። ይህን ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ብዙ ጠብ ስላየሁ ራሴ ያወጣሁት ነው።

አንድ ጠዋት ከድሬ ጠያራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንድ የጀጎል ቡና ነጋዴ አብረው ቀረቡ። ነጋዴውን ሁሉም የሚጠራቸው ሐጂ እያለ ነው። ሽማግሌው ሁለት ቦታ መሬት አላቸው፤ አንዱ የቡና፣ አንዱ የማሽላ። ማሽላውን የሚያርሱበት በሬ የላቸውም። ሐጂ ጥንድ በሬ ሊሰጧቸው፣ በምላሹ የቡናውን መሬት ይዘው በየዓመቱ ፍሬውን ሊለቅሙ ተስማምተዋል።

«ስንት ለቀማ?» አልኩ።

«ሦስት» አሉ ሐጂ።

ሽማግሌው ሦስት ጣት አወጡ። «ሦስት። አራተኛውን ወፍ እንኳ እኔን ሳትጠይቅ አትበላም።»

ጻፍኩ። ከምስክሮቹ ሁለቱ የገበያ ሰዎች ነበሩ፤ ሦስተኛው በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ጭነት የሚያመላልስ የአጋሰስ ነጂ ነው። ውሉን አነበብኩና በኦሮምኛ ደገምኩት። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ያ ሁሉ ክርክራችን ይህቺን ያክላል?»

«ይህቺን ብቻ።»

«ወረቀት ምራቁን የዋጠ ሰው ነው» አሉና አተሙ።

በሬ ቢሞትስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሥራዬ የተባለውን መጻፍ ነበር።

ከመጀመሪያው ለቀማ በኋላ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ በሳንባ በሽታ ሞተ። ሽማግሌውና ሐጂ እንደገና አብረው መጡ። ጠብ አልነበራቸውም። ሐጂ ሌላ በሬ ሊሰጡ፣ ሽማግሌው ደግሞ ከሦስቱ በላይ ለቀማ ሊጨምሩ አስበዋል። ስንት እንደሚጨመር ገና አልቆረጡም፤ ከኔ ዘንድ ተቀምጠው ሊጨርሱ ነው የመጡት።

«ምስክሮቹስ?» አልኩ።

«ሁለቱ እዚህ ገበያ አሉ። ሦስተኛው ድሬዳዋ ወርዷል» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያስ ሲመለስ ኑ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ አላውቅም።»

«ልጄ፣ ዝናቡ ደርሷል። አንዱ በሬ ብቻውን ቆሞ ያየኛል። ለእርሱ ምን ልበለው?»

«ደንብ ነው።»

ሐጂ ሳቁ። «ተዉት። ይህ ሰው የተወለደ ዕለት እናቱ መጀመሪያ ያስነከሰችው ብዕር ነው።»

ተነሥተው በበሩ ወጡ። ከቅጥሩ ውጭ ካለው የከብት ገበያ በሬ መረጡ፤ ስምምነታቸውንም እዚያው፣ ከብት እንደሚሸጥ አድርገው ጨረሱት።

ከብት ሲሸጥ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዥና ሻጭ ይጨባበጣሉ፣ በተጨባበጠው እጅ ላይ ኩታ ይጣልበታል፤ ከሥሩ አንዱ የሌላውን ጣት እየቆጠረ ይይዛል። ሁለት ጣት ከተያዘ ሁለት ነው። ዙሪያውን የቆመ ሰው የሚያየው ኩታው ሲነቃነቅ ብቻ ነው። ልማዱ የመጣው ቀጣዩ ገዥ ዋጋውን እንዳይሰማ ነው። ለመደበቅ የተፈጠረ ነገር ለማስታወሻ አይሆንም። ሁለቱም ይህን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን እድሜያቸውን ሙሉ ከብት የገዙትና የሸጡት እንዲያ ነው፣ ደግሞም ይተማመኑ ነበር። ሽማግሌው በሬውን ነድተው ሄዱ። እኔ ዘንድ ተመልሶ የመጣ አልነበረም፤ እኔም ረሳሁት።

ሦስተኛው ለቀማ ካለቀ በኋላ ሽማግሌው ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ አማላጅ ላኩ። የቡናው መሬት የልጁ ድርሻ ነው። ለልጅቷ ቤተሰቦች፣ አንድ ለቀማ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ የእርሱ ነው ብለው አስነገሩ። የልጅቷ አባት ጠንቃቃ ሰው ኖሮ ጀጎል ገብቶ ሐጂን ጠየቀ። ሐጂ የቀረው ሁለት ለቀማ ነው አሉት። አባትየው ተመልሶ፣ አንድ ዓመት እጠብቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ግን ልጄን አላስቀምጥም፣ ሌላም ጠያቂ አላት አለ። ነገሩ ዳኛ ዘንድ የደረሰው በዚህ ነው።

ዳኛው የሸዋ ሰው ነበሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ችሎቱ በረንዳ ላይ ነው የሚውለው። እኔ ወረቀቱን ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ፤ የውሉ ምስክሮችም ተጠሩ፣ የአጋሰስ ነጂው ከመንገድ ተመልሶ መጣ።

ከከብት ገበያው ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቀርበው ተጠየቁ። ሁለቱም ያሉት ተመሳሳይ ነው፤ እጅ ለእጅ ሲያያዙ አይተናል፣ ኩታው የሐጂ ነበር፣ ከሥሩ ያለውን አላህ ያውቃል።

«አንድ ነው ያልኩት» አሉ ሽማግሌው።

«ወላሂ ሁለት ነው» አሉ ሐጂ።

ሐጂ በቁርኣን ልማል አሉ። ሽማግሌውም ልማል አሉ። ዳኛው ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩ።

«ከሁለት ሽበታም አንዱን በሐሰት አስምዬ እቤቴ ገብቼ እራት አልበላም» አሉ። «ጣታቸው ያኔ ያለውን አሁን ይድገም። ጸሐፊው እጁን ያግባ።»

ኩታው ተጣለ። መጀመሪያ የሽማግሌው እጅ ገባ። መዳፋቸው እንደ ደረቀ ቅርፊት ነበር። አመልካች ጣቴን ያዙ፣ ጠበቅ አደረጉ፣ ለቀቁ።

«አንድ» አልኩ።

ሐጂ ቀጠሉ። እጃቸው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። አመልካች ጣቴን ያዙ። ከዚያ ቆዩ። ረጅም አልነበረም፤ ሰው አንድ ጊዜ ትንፋሽ እስኪወስድ ያህል ነው። ከዚያ የመሐል ጣቴን ጨመሩና ሁለቱን አንድ ላይ ጨበጡ።

«ስንት?» አሉ ዳኛው።

የተጠየቅሁት ስንት ተብሎ ነበር። «ሁለት» አልኩ።

ስለ ቆይታዋ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የመዋሸት ማመንታት ሊሆን ይችላል። ያረጀ እጅ በሰው ጣት መካከል መንገዱን ሲፈልግም ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ ስላላወቅሁ ዝም አልኩ። በሰው ሠርግ ላይ የሚፈርድ ነገር ሆኖ ነበርና፣ የማላውቀውን ጨምሬ ልፍረድበት አልወደድኩም። ግን ዝምታውም አንድ ዓይነት ፍርድ እንደነበረ አሁን ይገባኛል።

ዳኛው ወረቀቱን አስነበቡኝ። ሦስት ለቀማ ይላል፤ ስለ ሁለተኛው በሬ የሚለው ምንም የለም።

«እንግዲህ በጽሑፍ ያለው ሦስት ነው» አሉ። «ሦስቱ አልቋል። በኩታ ሥር የተባለው ምስክር ስለሌለው እንዳልተባለ ይቆጠር። መሬቱ ዛሬውኑ ለባለ መሬቱ ይመለስ፤ ኋላ የተሰጠው በሬም ለሐጂ ይመለስ።»

ፍርዱን ለሽማግሌው በኦሮምኛ መለስኩላቸው። መሬቱ በእጃቸው ገባ፣ ልጁም ይዳራል ብዬ አስቤ ነበር። ሽማግሌው ግን አልተነሡም።

«አንድ ብያለሁ» አሉ።

«አባቴ፣ ዳኛው ምንም አይጨመርም ነው የሚሉት። ለእርስዎ ይሻላል።»

«ሰማሁ። ምንም አይጨመር አላልኩም እኮ። አንድ ብያለሁ። በበሬውም አርሼበታለሁ።»

እንዲህ ያሉት ለቃላቸው ይሁን ለበሬው አላውቅም። እርሻ ደርሶ ነበር፤ ያለ በሬው የማሽላው መሬት ጦም ያድራል። ምናልባት ሁለቱም ነው። ቃላቸውን ለዳኛው መለስኩ። ዳኛው ወደ ሐጂ ዞሩ።

«እርስዎስ? ሰውዬው አንድ ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ምንም አይሰጥም።»

ሐጂ ኩታቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። «ከምንም አንድ ይበልጣል። ነጋዴ ነኝ፣ መቁጠር አያቅተኝም» አሉ። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

በወረቀቱ ጀርባ «አንድ ለቀማ ተጨምሯል፣ ስለ ሁለተኛው በሬ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ምስክሮች ቆመዋል። የአጋሰስ ነጂው ጣቱን ቀለም እየነከረ፣ «ለዚህች መስመር ነው ከድሬዳዋ መንገድ የመለሳችሁኝ?» አለኝ። ያኔ ሁለት ምስክር ይበቃል ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህች መስመር ሁለት ዓመት ቀድማ እዚያው ትቀመጥ ነበር። ደንቤን ያሻሻልኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ለሽማግሌው አልረባቸውም።

አራተኛው ለቀማ ሲያልቅ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። ከሣጥኑ ፊት ቁጢጥ አሉ። የሐጂ ለቃሚዎች የበሰለውንም ያልበሰለውንም አንድ ላይ እየላጡ፣ ቅርንጫፉን ወደ መሬት እየጎተቱ እየሰበሩ ለቅመዋል አሉኝ። ተመልሰው የማይመጡበት መሬት ስለሆነ አልራሩለትም። ሐጂ ራሳቸው እንዲያ ያዘዙ ይሁን፣ ለቃሚዎቹ ይሁኑ፣ አላጣራሁም።

«ወረቀቱ ስለ ቅርንጫፍ ይናገራል?» አሉኝ።

«አይናገርም።»

«አላልነውም?»

«አላላችሁትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጅቷ አባት መጥቶ መሬቱን እንዳየው፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ቆሞ ሽቅብ እንደተመለከተ ነገሩኝ። በመጨረሻ ልጅቷን ሰጠ። ቅርንጫፉ እስኪያገግም ጥንዶቹ ከሽማግሌው ማሽላ ሊበሉ፣ ሽማግሌውም ሊያበሉ ተስማምተዋል።

«ይኸንን ጻፍልኝ» አሉ።

ግዴታው የእርሳቸው ብቻ ስለሆነ ሌላውን ተዋዋይ ሳልጠብቅ ሁለት ምስክሮች ከገበያ ጠራሁ። ፀሐዩ ሣጥኑ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልተሻገርኩም። ማሽላው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ቁና እንደሆነ፣ ዝናብ ቢቀር ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ሰለቻቸው።

«ምነው ዛሬ ወረቀትህ ለፈለፈ?» አሉኝ።

«ልጅትየው ብትታመምስ?» አልኩና ብዕሩን ቀለም ነከርኩ።