አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት መልስ

ባለቤቴ ከተቀበረ በኋላም ስልክ ይደወልለት ነበር። የሚደውለው ሰው አይደለም፤ መሣሪያ ነው። ስሙን እየሰባበረ ይጠራና በእንግሊዝኛ «እርስዎ ከሆኑ አንድን ይጫኑ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብዬ እዘጋበት ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሼ፣ ፌስታሎቹ ጣቴን እየቆረጡኝ በር ላይ ቁልፍ ስፈልግ ደወለ። ብስጭት አልኩና አንድን ተጫንኩ። መሣሪያው አመሰገነው። «ማንነትዎን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን» ብሎ ዝም አለ። መስመሩ ግን አልተዘጋም። ማዶ አንድ ሰው ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። የቀበርኩትን ሰው በሕይወት አለ ብዬ በጣቴ የፈረምኩ መሰለኝና ስልኩን ከሽንኩርቱ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

ነገሩ የቫኑ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ ያመላልስ ነበር፤ ቫኑ የተገዛው በብድር ነው። ያ የሚደውለው አበዳሪ ድርጅት ደግሞ «ብድሩን ሳይጨርሱ ቢሞቱ ቀሪውን እኛ እንከፍላለን» የሚል ኢንሹራንስ በስልክ ሸጦለታል። ክፍያው ከብድሩ ጋር በየወሩ ይቆረጥ ነበር። እሱ ሲሞት እንዲከፍሉ ጠየቅን፤ የመጣው መልስ «አንከፍልም» ነው። ያነበበችልኝ ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጄ ናት። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ኦክላንድ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ የለመድኩት እንግሊዝኛ ከመኪና መስኮት አያልፍም።

«ሲሸጡለት የልብ ሕመም አለብህ ወይ ብለው ጠይቀውታል፤ የለብኝም ብሏል ነው የሚሉት» አለችኝ። «ስለዚህ ዋሽቷል፣ ኢንሹራንሱ አይሠራም።»

«ማን ነው የዋሸው?»

«አባዬ።»

ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ደረቱ ተከፍቶ ከተሰፋ ወዲህ ጠባሳውን ያላየ ያገር ሰው ኦክላንድ ውስጥ አልነበረም። ለቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሳይቷል። ሠርግ ቤት ሸሚዙን ሊፈታ ሲል እጁን ይዤዋለሁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ምግቡን ይብላበት!» ብዬ። ቫኑ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ ቀዶ ጥገናውን ከማደንዘዣው ጀምሮ ሳይሰማ አይወርድም። ለማያውቀው መንገደኛ የተረከውን ሕመም ከስልክ ይደብቃል?

ገንዘቡስ ይሁን። ሰው ከሞተ በኋላ፣ አፉን ከፍቶ መመለስ በማይችልበት ጊዜ፣ ውሸታም ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው? ያን ቃል በስሙ ላይ ተክለው እንዲሄዱ አልፈቅድም አልኩ።

ለልጄ ያልነገርኳት ነገርም ነበረኝ። ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ነገር ሲጠየቅ ቃል ሳያወጣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ የሚያደርግ አለ፤ አጭር፣ ድንገት እንደ ደነገጠ ሰው። ያቺ አዎ ማለት ናት። ብዙዎቻችን አልፎ አልፎ እናደርጋታለን። ባለቤቴ ግን አዎን የሚለው በእሷ ብቻ ነበር። እኔ ከወጥ ቤት እጠይቃለሁ፣ እሱ ከሳሎን ትንፋሹን ይስባል፤ እንዲህ ሆነን አርጅተናል።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ከሰዓት ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ «ቫኑን ቆልፈኸዋል?» አልኩ። ከሳሎን ያቺ ትንፋሽ መጣች።

ቢላዋውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና ሄጄ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው። ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ከዚያ ወዲያ ትመጣ ጀመር፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ አዎ የሚያስብል ነገር ስጠይቅ ብቻ። ጠበል ረጨሁ፤ አልቀረችም። ለልጄ ብነግራት ወይ ሐኪም ቤት ወይ ሳን ሆዜ ትወስደኛለች፤ ሁለቱንም አልፈልግም።

ደብዳቤው የተነበበልኝ ዕለት ሳሎኑ በር ላይ ቆምኩ። «ዋሽተሃቸዋል?» አልኩ። ምንም የለም። ቆየሁ። ማቀዝቀዣው አጉረምርሞ ተወ። «ነግረሃቸዋል?» አልኩ።

ትንፋሹ ከወንበሩ በኩል መጣ፤ ቅርብ ነበር፤ ፀጉሬን የነካኝ መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ማን ያቆመኛል?

ቅሬታችንን አስገባን። ልጄ የምትሠራው ሳኒቬል የሚባል ከተማ ነው፤ በምሳ ሰዓቷ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ትደውልላቸው ነበር። ሰንብታ አንድ ቀን ደስ ብሏት ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ጉድ ኒውስ! ለኢንሹራንሱ የከፈለውን ይመልሱልሻል። አንቺ ሳይን ታደርጊና ኬዙ ይዘጋል። ቫኑን ደግሞ ይውሰዱት፣ እንገላገላለን።»

«ዋሽቷል ያሉትንስ?»

«እሱ እንዳለ ነው። ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

«እማዬ ፕሊስ! አንቺ እኮ ከፓርኪንግ ማሽን ጋር የተጣላሽ ሴት ነሽ።»

«ማሽኑ የሰውዬውን ብር በልቶ ደረሰኝ አልሰጥም አለዋ! ዝም ልበለው?»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ሲደውሉ ሁልጊዜ ይህ ጥሪ ይቀዳል ይሉ የለም? የቀዱትን ያምጡት። ዋሽቶ ከሆነ በጆሮዬ ልስማው፤ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አልነካም። ካልዋሸ ግን ቃላቸውን ይፈጽሙ።»

የተቀዳው ሲመጣ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ጎረቤት ሣር ያጭዳል። ልጄ ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና አንድ ነገር ነካች። «ሄሎ» አለ ባለቤቴ።

ልጄ እጄን ያዘችኝ። ድምፁ ጉሮሮውን የጠረገ፣ ጤነኛ፣ ትንሽ የቸኮለ ነው። ሻጯ ደስ ደስ ያላት ሴት ናት፤ እንደ ጨረታ አጫራች ትሮጣለች። ልጄ እያቆመች ተረጎመችልኝ። «ይህን ዋስትና ብድርዎ ላይ እንጨምርልዎት?» ትላለች ሴትዮዋ። ትንፋሽ። «በጣም ጥሩ፣ ጨምሬልዎታለሁ!» አድራሻውን ጠየቀችው፤ በቃል መለሰ። ልደቱን ጠየቀችው፤ መለሰ። ቀጥላ፣ «ለልብ ሕመም ታክመው ያውቃሉ?» አለች። ትንፋሽ። «ኦኬ» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

መጨረሻው ላይ ከሩቅ የሌላ ሴት ድምፅ ገባ። «ምሳ ቀርቧል፤ ትመጣለህ?» ይላል በአማርኛ። ትንፋሽ። ከዚያ ተዘጋ።

እኔ ነኝ። ያን ቀን ወጥ ቤት ሆኜ ከተሳፋሪ ጋር የሚያወራ መስሎኝ ነበር ማለት ነው። ከሞተው ሰው ድምፅ ጋር እኔም አብሬ ተቀድቼ አለሁ፤ ምሳ እያቀረብኩ፣ ምንም ሳላውቅ።

«ሰማሽ?» አልኳት ልጄን።

«ምኑን?»

«ሲመልስላት ነዋ! ታክመህ ታውቃለህ ስትለው!»

«እማዬ... ምንም አላለም እኮ። ዝም ነው ያለው።»

መልሳ ከፈተችው። እኔ ሰማሁ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ የመስመር ጫጫታ ነው» አለችና ቀስ ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ መድኃኒትሽን ወስደሻል ወይ ለማለት እንደምታየኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ቤት ውስጥ ያለው ትንፋሽ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ የባሌ ነው። ነገር ግን የገዛ ልጁ ካልሰማችው ምናልባት ከላፕቶፑም፣ ከሳሎኑም አይደለም የሚወጣው። ምናልባት ከእኔ ጆሮ ነው። ከሆነ ደግሞ ባለቤቴ ዝም ብሏል ማለት ነው፤ እነሱም ልክ ናቸው።

ቢሆንም ፊት ለፊት እንነጋገር ብዬ አስጠየቅኋት። ቢሯቸው ከኦክላንድ ጎን፣ ኤመሪቪል ነበር። እኔ ነፃውን አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ፣ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሕንፃው ውስጥ ሰው አይታይም። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፤ ስንራመድ መብራቱ በየፊታችን ይበራል፣ ዞር ብዬ ሳይ ከኋላችን ጠፍቷል። የተቀበለን ኃላፊ ሰው አክባሪ ነው፤ ውኃ ሰጠን፣ ኀዘናችሁን እጋራለሁ አለ። የተቀዳውን ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ አሰማን። ያ «ሄሎ» በባዶው ክፍል ውስጥ ከመስታወቱ እየነጠረ ተመለሰ።

«እንደሰማችሁት» አለ ኃላፊው፣ ልጄ እየተረጎመችልኝ፣ «ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ መልስ አልሰጠም። መልስ ከሌለ ሻጯ የለም ብላ ትሞላለች።»

«ልግዛ ሲልስ ምን ብሎ ነው የገዛው?» አልኩ።

«ተስማምቷል።»

«በምን ቃል? አሰማኝ።»

የተቀዳውን ወደ ኋላ መልሶ ከፈተው። ሴትዮዋ እንጨምርልዎት ወይ አለች፤ ትንፋሹ መጣ፤ በጣም ጥሩ አለች።

«ያው ነው» አልኩት። «ያቺው ናት። ልትሸጡለት ስትፈልጉ አዎ ሆነች፣ ሕመሙን ሲነግራችሁ ዝምታ ሆነች? ዝምታ ከሆነ ዝም ላለ ሰው ነው የሸጣችሁት። አዎ ከሆነ ሁለቴም አዎ ነው፤ በሽተኛ መሆኑን እያወቃችሁ፣ ሲሞት የማይከፈልበትን ነገር ሸጣችሁለት። አንዱን ምረጥና ንገረኝ።»

ልጄ ስትተረጉም ድምፅዋ እኔን መምሰል ጀመረ። ኃላፊው ወረቀቶቹን አስተካከለ። «እመቤቴ፣ እኔ የምሰማው የመስመር ድምፅ ነው» አለ። «ሁለቱም ቦታ ላይ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።» ቀጥሎ ወደ ልጄ ዞረ። «እርስዎ እዚህ አገር ነው ያደጉት። በእውነት ይንገሩኝ፤ አባትዎ እንዲህ ነበር የሚመልሱት?»

ልጄ አየችው። ትንፋሽዋን ወደ ውስጥ ሳበች።

አጭር፣ ልክ እንደ አባቷ። ድምፁ ከእሷ የመጣ አይመስልም ነበር፤ ከላፕቶፑ እንደገና የተከፈተ መሰለኝ፤ ሰውዬውም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም፣ ዓይኑን ወደዚያ ላከ።

«ይቅርታ፣ መልስዎን አልሰማሁም» አለ።

«መለስኩልዎት እኮ» አለች ልጄ በእንግሊዝኛ። ያለችው ሲገባት እጇ ወደ አፏ ሄደ።

ከውጭ ኮሪደሩ ላይ፣ ማንም ሳይኖር፣ መብራት በርቶ ጠፋ። ኃላፊው እጁን ዘርግቶ የተቀዳውን ከመጀመሪያው ከፈተ። ትንፋሹ በመጣ ቁጥር ልጄን ያያል፤ ልጄ ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች። አሁን ትሰማዋለች። ምሳ ቀርቧል ከሚለው ድምፅ በኋላ የመጣችውን ስትሰማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ጆሮዬ ደህና መሆኑን እያመሰገንኩ ነበር።

ደብዳቤው ሲመጣ ልጄ በስልክ አነበበችልኝ። ባለቤቴ ሕመሙን አልደበቀም፤ ዋሽቷል ያልነውን አንስተናል ይላል። ሊሸጥለት የማይገባ ኢንሹራንስ ስለሸጥን ለካሳው የቫኑን ቀሪ ዕዳ ሰርዘናል ይላል። የመጀመሪያውን መስመር ደግሜ አስነበብኳት። «እማዬ፣ በቃሽ» አለች እየሳቀች። ስልኩን ዘጋሁና ሳሎን ገባሁ።

ከሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ እንደዚያው ምንጣፉ ላይ ናት። «አልዋሸም ብለው ጽፈዋል» አልኩት። «ሰምተሃል?»

ጠበቅሁ። ወንበሩን አየሁ። ውጭ አውቶቡስ አለፈ፣ መስኮቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ተወ። «ሰምተሃል ወይ?» አልኩ ጮክ ብዬ። እንዲህ ስቆጣ ድሮ ፈጥኖ ነበር የሚመልሰው። ምንም የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የነበረ ነገር ሄዶ፣ ክፍሉ ከበፊቱ የሰፋ መሰለኝ። እየተሟገትኩ ያቆየሁት እኔ ነበርኩ፤ ረትቼ ሸኘሁት።

እኔ ግን ግትር ነኝ። ዛሬም ምሳ ሲደርስ ወደ ሳሎን «ትመጣለህ?» እላለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ። ከዚያ አንድ ሰሃን አወጣለሁ።