የመስታወቱ የቤት ሥራ

ዛሬ መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ላይ አንድ አዳራሽ ሙሉ መምህር እጁን አውጥቶ ዋሸ። እኔም አለሁበት።

ሥልጠናው ስለ በራስ መተማመን ነው። አሠልጣኙ ትናንት «ማታ መስታወት ፊት ቁሙና ራሳችሁን አድንቁ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን።

(ለመንዝ ሰው! ሌላ ሰው ሲያሞግሰን እንኳ መሬት መሬት ለምናየው።)

ዛሬ ጠዋት «የሠራችሁ?» ሲል እጃችን እንደ ጓሳ ሣር ቆመ። አንዱማ «ዓይኔ ውስጥ ብርሃን አየሁ» ብሎ ተጨበጨበለት።

አንጋፋዋ ባልደረባችን እትዬ ዘነቡ ብቻ እጃቸውን አላወጡም።

«እኔ አልሠራሁም» አሉ። «ማታ ከተማው በሙሉ መብራት አልነበረም። ኩራዝ ለኩሼ ራሴን ላሞግስ እንዴ?»



አሠልጣኛችን ራሱ ጠዋት «መብራት ጠፍቶ ስልኬን ቻርጅ ሳላደርግ አደርኩ» እያለ ሲያማርር ነበር። አሁን ግን በሐዘኔታ አያቸውና «አይዞዎት እትዬ፣ በራስ መተማመን ቀስ በቀስ ይመጣል» አላቸው።

ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያዩ ብቻቸውን «አልሠራሁም» ያሉትን ሴትዮ!

እኛ በራሳችን የምንተማመነው ደግሞ አጨበጨብን።

እናንተስ እንዲህ ያለ ሥልጠና ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። ያልሠራችሁትን ሠራን እንዳትሉ ብቻ፤ እትዬ ዘነቡ ፌስቡክ አላቸው።