ሸጊት ሐረጎን ስትወጣ

ኮምቦልቻ፣ ጎህ ሲቀድ

መጀመሪያ ስለ አሮጌ ብረት ገዥው ልንገራችሁ፤ ከሁላችንም ቀድሞ የደረሰው እሱ ነውና። ሰማዩ ገና ሳይገልጥ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዤ ስመጣ፣ የጭነት መኪናውን ግቢው በር ላይ አቁሞ፣ የብረት መቁረጫ ጋዙን ከኋላ ጭኖ፣ ጋቢና ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ያንቀላፋል። በሽተኛው ሳይሞት መቃብር ቆፋሪ በር ላይ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ።

«ደህና አደርክ» አልኩት። ምን ላድርግ፣ ሰላምታ ለጠላትም አይነፈግም።

«ደህና። ትነሳለች እንዴ ያቺ ነገር?» አለኝ እየሳቀ።

«አንተ ናፍጣህን ሙላ። ደሴ ድረስ ጭሷን እየዋጥክ ነው የምትከተላት!»

ሳቁን ቀነሰ። እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ያቺ ነገር የሚላት ሸጊትን ነው። ሸጊት የጣሊያን ሥሪት የሆነች አሮጌ የሕዝብ አውቶቡስ ናት፤ አፍንጫዋ ወደ ፊት የወጣ፣ ወገቧ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ፍየሉም ጤፉም እየተጫነ ከኮምቦልቻ ደሴ ስትመላለስ ዕድሜዋን የፈጀች። የድሮ የወሎ ሰው ሞተር ያለውን ሁሉ ባቡር ነበር የሚለው። ሐዲድ ደሴ ስላልደረሰ የእኛ ባቡር እሷ ነበረች። ባለቤቷ ሀጂ እንድሪስ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካለፉ በኋላ እዚህ ግቢ ውስጥ ቆመች። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ጎማና ባትሪዋ ተወሰደ። ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል ጣሉ።

የሀጂ ልጆች ሁለት ናቸው። ታላቋ እትዬ ዘሃራ ናት፤ ሴት ልጅ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥላ መንገደኛ ስትጣራ ከተማው «ጉድ!» በሚልበት ዘመን የአባቷ ረዳት የነበረች። ታናሹ ሁሴን አዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ደረቅ ወደቡ ከመጣ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ መሬት ወርቅ ሆኗል፤ እሱም ግቢው ላይ መጋዘን ሊሠራ ነው። ሸጊት ተቆርጣ በኪሎ ትሸጥ አለ። እትዬ ዘሃራ «መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ» አለች። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ፈረዱ፦ ሸጊት ሰው ጭና፣ እንደ ድሮዋ ሐረጎን ወጥታ ደሴ ከገባች ትኑር፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ያለው የአባታቸው ግቢ ማደሪያዋ ይሁን። መንገድ ላይ ከቀረች ግን ከቀረችበት ቦታ ብረት ገዥው ይረከባት። ሁለቱም እሺ አሉ።

እኔ ማን ነኝ? ሰኞ ገበያ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ፤ ለዚች ቀን ብዬ ከደሴ ወርጄ ኮምቦልቻ ያደርኩ። የሸጊትን ወንበሮች በጎረምሳነቴ ሰፍቻለሁ፤ አሁንም እንደገና ቀይ አልብሻታለሁ። ስለዚህ ሚዛናዊ ጽሑፍ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ገጽ ይክፈት።

ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ሹፌሩ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጆሯቸው ጋር አስረው መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ከእትዬ ዘሃራ ጋር ወራት ሙሉ ሞተሩን ፈተው ገጥመዋል፤ አንዱን ዕቃ ከደሴ ገበያ፣ አንዱን ከሌላ የሞተ መኪና እየለቀሙ።

ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ነኩት። ሸጊት አለከለከች፣ ዝም አለች። ደገሙት። ዝም። ብረት ገዥው ከጋቢናው ወርዶ መለኪያ ሜትሩን አወጣ። ወላሂ ሜትር አወጣ! የአውቶቡሷን ርዝመት ሊለካ ሲጎነበስ ደሜ ፈላ።

እትዬ ዘሃራ ዘወር ብላም አላየችው። ኮፈኑን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች «አብሽሪ ሸጊት፣ አብሽሪ የኔ እናት» ትላለች። ጋሽ ተፈራ እንደገና ነኩት። አንድ ቋጠሮ ጥቁር ጭስ ከኋላ ወጣና በቀጥታ የብረት ገዥው ሸሚዝ ላይ አረፈ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ መስኮቶቹ ተንጫጩ፣ ሞተሩ ያዘ። እልልታው ቀለጠ። እኔ ወንድዬውም አብሬ እልል አልኩ፤ ይታያችሁ።

አንድ ሼህ ዱዓ አደረጉ፣ «አሚን» አልን። ጋሽ ተፈራ አማተቡና «ሚካኤልን ይዤ» አሉ። ሰው መግባት ጀመረ። የቤተሰቡ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ የተጠሩት። ግን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ የወጡ ሴቶች በዚያ ያልፉ ነበር።

«እስከ ደሴ ናት?»

«ናት! ዛሬ በነጻ ናት!» አለች እትዬ ዘሃራ።

ነጻ የሚባል ቃል ሰምቶ የሚቆም እግር የት አለ? ተግተልትለው ገቡ። «ጠጋ በሉ! ምን ትገተራላችሁ፣ ጠጋ ጠጋ!» እያለች አመቻቸቻቸው። ሁሴን ግራጫ ሱፉን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። በአውሮፕላን ስለመጣ የራሱ መኪና የለውም።

«እትዬ፣ አበዛሽው» አላት።

«ሰው ጭና ተብሏል አይደል? ጫንኩ። ና ግባ፣ ቦታ አለ።»

«እኔ በዚያኛው ይሻለኛል» ብሎ ከብረት ገዥው ጎን ጋቢና ገባ። አንዲት አሮጊት «ኧረ ምን ነካው ልጁን!» አሉ ጮክ ብለው።

ከኮምቦልቻ መውጫ

ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ተሰልፈዋል፤ ባጃጆቹ በመሃላቸው እንደ ጫጩት ይሹለከለካሉ። ሸጊት ክላክሷን ስታሰማ አንድ ወር የዘጋ ጉሮሮ የጸዳ ይመስላል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ይዞ ተከተለው። አንድ ሸንኮራ የሚሸጥ ሰው ሁለት እንጨት በመስኮት ወረወረልን።

መውጫው ላይ ወጣት የትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። የዕለቱን የጉዞ ፈቃድ አየ፤ ደግሞ ሸጊትን አየ።

«አባቴ፣ ይቺን ከየት አወጧት?»

«አያትህን ለሠርጓ የወሰድኳት በዚች ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ፍሬን አላት?»

«ፊቷ ቁምና እንየው!»

ልጁ በሳቅ ፈነዳ። ቢሆንም ሥራውን አልተወም፤ ፍሬኑንም መብራቱንም አሠርቶ ካየ በኋላ «ቀስ ብላችሁ» ብሎ ለቀቀን።

ቦርከናን ተከትለን ስንሄድ ነፋሱ በመስኮት ይገባል። የፋብሪካው ሴቶች አንቀላፉ፤ አንዷ ቀዩ ወንበሬ ላይ ለሃጯን አዝረክርካለች፤ ይቅር ብያታለሁ። ጎረቤቶቹ በቅቤ የታሸ ጭኮ አዞሩ። በኋላው መስኮት ብረት ገዥውና ሁሴን ሲከተሉን ይታዩኛል።

ሐረጎ፣ ረፋድ ላይ

ሐረጎን የማያውቅ ካለ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። አንዱ ጎን ገደል፣ አንዱ ጎን ግንብ የመሰለ አፈር፤ መንገዱ ይጠመዘዛል። ጋሽ ተፈራ ማርሹን ወደ አንድ መለሱ። ሸጊት እያጓራች ወጣች፣ ወጣች፣ ጠመዝማዛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ። ኮፈኗ ላይ እንፋሎት ተነሳ። ሞተሩ ጠፋ።

መኪናዋ ገና ሳትቆም እትዬ ዘሃራ ዘላ ወርዳለች። በስልሳ ምናምን ዓመቷ! እጇ ላይ ታኮ አለ፤ መኪና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ጎማ ሥር የሚገባው እንጨት። ሸጎጠችውና «ሰው ይውረድ!» ብላ ጮኸች።

ብረት ገዥው ከኋላችን ቆሞ አጨበጨበ። «በቃ! ሰው ጭና ነበር የተባለው። ሰው ከወረደማ አልቋል። አቶ ሁሴን፣ እንግዲህ እንቁረጣት።»

ሁሴን መሬት መሬት እያየ «እትዬ፣ አየሽ አይደል? አትችልም። ይብቃሽ» አላት። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

«ምኑ ነው የሚበቃኝ?» አለች። «እዚች ጠመዝማዛ ላይ ሰው ሳይወርድ የወጣችበት ቀን አለ? እንደ ድሮዋ ነው የተባለው። የድሮዋ ይሄ ነው!»

ቅድም ሁሴንን የታዘቡት አሮጊት፣ እማማ አልማዝ፣ በምርኩዛቸው ወደ ፊት ወጡ። «እኔ በሙሽራ ልብሴ እዚችው ላይ ወርጃለሁ። ሚዜዎቹ ሙሽራ እንዴት ትወርዳለች ብለው ሲጣሉ፣ ሀጂ ‹ሐረጎ ሙሽራ አያውቅም፣ ውረጂ የኔ ልጅ› አሉኝ። ጭቃውን ረግጬ ወጣሁ። ባሌ ቤት ጫማዬን ይዤ ነው የገባሁት። ውሸት ነው የሚል ይምጣ!»

ማንም አልመጣም። ሕዝቡ እየሳቀ ወረደ። ጎረምሶቹ ከኋላ ለመግፋት ተደረደሩ፤ እኔም ከጎረምሳ ተቆጥሬ ገባሁ። ራዲያተሩ ቀዝቅዞ ውሃ ጠጣ። ጋሽ ተፈራ ብቻቸውን መሪው ላይ ሆነው አስነሱ። እትዬ ዘሃራ ታኮውን አንስታ ከጎማው ጎን ጎን መራመድ ጀመረች። ሥራው እንዲህ ነው፤ መኪናዋ ትንሽ ትወጣለች፣ ስትደክም ታኮ ይገባል፣ ትንሽ ታርፋለች፣ እንደገና።

ትንሽ ወጣች። ታኮ ገባ። እንደገና ወጣች። ሦስተኛው ላይ እንጨቱ ከመሃሉ ተሰነጠቀ።

ሸጊት ወደ ኋላ ሸሸች። «ዞር በሉ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ የኔው ጩኸት ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። ተበተንን። የኋላ ጎማዋ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ሲዞር አየሁ፣ ጋሽ ተፈራ ሁለት እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አድርገው ሲቆሙ አየሁ። ያ ረቢ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድው የሚል ድምፅ። ዓይኔን ስገልጥ ሸጊት ቆማለች። ጎማዋ ሥር የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ገብቷል፤ ድንጋዩ አጠገብ ግራጫ ሱፍ ለብሶ የተንበረከከው ሁሴን ነው። ከዚያ ጋቢና መቼ ወረደ? ድንጋዩንስ ከየት አነሳው? እጁ ደምቷል።

ሁላችንም ምን እንደምትለው ለመስማት እትዬ ዘሃራን አየናት። አላቀፈችው፣ አላመሰገነችው። በግራ በኩል ያለውን ጎማ በጣቷ አሳየችው።

«ለዚያኛውም አምጣ። አንድ ድንጋይ አይበቃም ሲባል አልሰማህም?»

የሱፉን ኮት አውልቆ ግንቡ ላይ ጣለና ሁለተኛ ድንጋይ ሊያመጣ ሮጠ። ብረት ገዥው ተጠጋው። «አቶ ሁሴን፣ ውላችንስ እንዴት ነው?»

ሁሴን ድንጋዩን ታቅፎ ቀና አለ። «ዝም በልና ግፋ!» አለው።

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ያን ሁሉ ሰው አየ። ምን ያድርግ? ገፋ። ሜትሩ ከኪሱ እየተንጠለጠለ ከእኔ ጎን ሆኖ ገፋ፤ እውነት ለመናገር ጉልበታም ነው። እህትየዋ በቀኝ፣ ወንድምየው በግራ፣ ድንጋይ እያስገቡ ድንጋይ እያነሱ ጠመዝማዛውን ጨረስን። አናቱ ላይ እማማ አልማዝ ቀድመውን ደርሰው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «ምን ትንቀራፈፋላችሁ?» አሉን። እኔ አለቀስኩ። ላብ ነው ብያለሁ፤ ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገር።

ደሴ፣ ከቀትር በፊት

በሸዋ በር ገባን። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ሰው ከየሱቁ ወጣ፤ ባጃጆች በፊት በኋላ እያጀቡን ሰኞ ገበያ ስንደርስ የሽንኩርቱ ተራ ሳይቀር ተነስቶ መንገድ ለቀቀ። ሁሴን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሸሚዙ ጥቁር ሆኗል።

ሸጊት የአባታቸው ግቢ ውስጥ ገብታ ስትቆም ከባህል ቢሮ የመጡ አንድ ክራባት ያሰሩ ሰው ከሕዝቡ መሃል ወጡ። ትልቅ ቅርስ መሆኗን ተናገሩ። ዙሪያዋን አጥር ይሠራላታል፣ ሰው እንዳይነካት ገመድ ይደረጋል፣ ጽሑፍ ይለጠፋል አሉ። ንግግራቸው መልካም ነበር።

«የለም ጌታዬ» አለች እትዬ ዘሃራ። «ሐውልት አይደለም ያመጣሁት። አውቶቡስ ነው። ምርመራዋን ታልፋለች፣ ቦሎዋን አወጣለሁ፣ ከዚያ በገበያ ቀን ሰው ታመላልሳለች። ገመድ ያለው ሰው ፍየሉን ይሰርበት።»

ሰውየው ፈገግ ብለው ክራባታቸውን ነካኩ። ብረት ገዥው ከበሩ ውጭ የጭነት መኪናውን እያዞረ ነበር፤ ጋዙ ከኋላ ይንኳኳል። ማንም አልሸኘውም።

ሁሴን የደማ እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ እህቱ አጠገብ ቆመ።

«በገበያ ቀን» አላት፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነሳው?»

እትዬ ዘሃራ ደንቡን እንደማያውቅ መንገደኛ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስትሞላ ነዋ!» አለችው።