የስፖንጅ ጎራዴ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ጥቃቅኑን ኃጢአት እየዘረዘርኩላቸው፣ ይችን አንዷን እየዘለልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ሰው አስገድያለሁ። ጠመንጃ አልያዝኩም፤ "አላውቀውም" አልኩ፣ በቃ።

ደርግ ቤት ለቤት እየፈተሸ ሰው የሚለቅምበት ክፉ ጊዜ ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ግቢያችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ፣ አምስት ቤት በአንድ በር የሚገባበት ነው። ከአትክልት ተራ ሁለት ጓደኞቼ እየመጡ የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። በዱላ ስንከታከት የአንዱ ግንባር ተፈነከተና እናቶቻችን ከለከሉን። የስፖንጅ ጎራዴ የመጣልኝ ያኔ ነው።

ስፖንጁን ከየት አመጣሁ? ከአባቴ ፍራሽ። ሰፈሩ በሙሉ ጥጥ ፍራሽ ላይ ሲተኛ አባቴ ያንን ስፖንጅ ለእንግዳ ብሎ ገዝቶ ማንንም አያስቀምጥበትም ነበር። ሽፋኑን ከሥር ተርትሬ፣ በምላጭ ሦስት ረጃጅም ቁራጭ አወጣሁና ፍራሹን መልሼ እንደነበረ አነጠፍኩት። ቁራጮቹን ሸምበቆ ላይ በማስቲሽ አጣበቅኋቸው። ጨርቅ ሲያስፈልገኝ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ የግቢያችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ ከሚስታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ስፖንጁ ከየት እንደመጣ እንኳ አልጠየቁኝም። በኮት ትራፊ ሸፍነው ሰፉልኝና ጫፉን በሲጋራ ብርማ ወረቀት አለበስነው። አባቴ እንዳያይብኝ ስለምናቸው ለእትዬ አስካለ እንኳ ሳይነግሩ ጎራዴዎቹን ከመቁረጫ ጠረጴዛቸው ሥር ደበቁልኝ። ደብተራችንንም እዚያው ሸጎጥኩት።

ጉዱ ያለው ደብተሩ ላይ ነው። ማን ራስ፣ ማን ደጃዝማች እንደሆነ፣ የእያንዳንዳችን የምስጢር ስም፣ የምንተዋወቅበት ቃል፣ ሁሉም በእኔ እጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። የመጨረሻው ገጽ "ቅዳሜ ከሰዓት ድልድዩ ሥር ጥቃት፤ ነብሮ ከፊት፣ ጭልፊት ከኋላ" ይላል። ጭልፊት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰው ቤት ሲገኝ ምን እንደሚያመጣ ልጅ አያውቅም፤ ጋሽ ደምሴም ገልጠው አላዩትም።

አንድ ጠዋት፣ እትዬ አስካለ ገበያ በሄዱበት፣ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ለፍተሻ ገቡና ሁላችንንም ግቢው መሃል አቆሙን። ከጋሽ ደምሴ ቤት ደብተሩንና ጎራዴዎቹን ይዘው ወጡ። ካድሬው ደብተሩን አንዴ አነበበው፣ ደገመው። ነብሮ ማን እንደሆነ፣ ጭልፊት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ፈገግ አሉ። አዎ፣ ፈገግ አሉ! "የልጆች ጨዋታ ነው፣ ጓድ። ይኸው ልጁ፣ ይጠየቅ" ብለው ወደ እኔ አመለከቱ።

ካድሬው ጎንበስ ብሎ "ያንተ ነው?" አለኝ። ድምፁ እንኳ ክፉ አልነበረም። አባቴ አጠገቤ ቆሟል፤ እጁ ትከሻዬ ላይ ነው። ያንዱ ጎራዴ ጨርቅ ተቀዶ ቢጫው ስፖንጅ አፍጥጦ ይታያል።

"አይደለም። አላውቀውም" አልኩ።

ደርግን ፈርቼ መሰላችሁ? ኧረ ወዲያ! እኔ የፈራሁት የአባቴን ቀበቶ ነው። "አዎ" ብል ስፖንጁ ከየት መጣ መባሉ ነው። ለአንድ ቀን ግርፊያ ብዬ፣ ለተቀደደ ፍራሽ ብዬ! እስክሪብቶ ሰጥተው ጻፍ ቢሉኝ በደቂቃ ይለይ ነበር። እነሱ አላሉኝም፤ እኔም ልጻፍ አላልኩም። ጋሽ ደምሴ አልተቆጡኝም፤ "ኧረ ልጄ" ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው። ይዘዋቸው ሄዱ።

ሁለቱን ጓደኞቼን ማተባቸውን አስይዤ እንዳይናገሩ አስማልኳቸው። የሆነውን ሁሉ ጎረቤት ሲነግራቸው እትዬ አስካለ፣ "የልጁ ቢሆንማ ይናገር ነበር፤ ልጅ አይዋሽም፤ ደብተሩን አንዱ ደንበኛ ጥሎብን ነው" አሉ። በየቀኑ ስንቅ ሲያመላልሱ ሳህኑን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ለምን ተከተልኳቸው? ልናገር? ወይስ ደግ ልምሰል? ዛሬስ እናገራለሁ እያልኩ እወጣለሁ፤ እስር ቤቱ በር ላይ ሳህኑን አቀብዬ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበል "ከእንግዲህ አታምጪ" አላቸው። ምን ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል። እትዬ አስካለ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ገና የሚሞቀውን ሳህን እንደታቀፍኩ ቆምኩ።

ክረምት ሲገባ አባቴ ፍራሹን ገለበጠና ጉዱን አየ። አልመታኝም። "ደምሴ ቢኖር ይሰፋልን ነበር" አለ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ሳልጠይቀው ሞተ።

ልጅ ነበርክ ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ በሃያ ዓመቴስ? ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ የዘመዱን አፅም ሲፈልግስ? እትዬ አስካለ የባላቸውን ፎቶ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። "ያንን ደብተር ማን ይሆን የጣለብን?" ሲሉኝ፣ "ማን ይሆን?" ብያለሁ። ያውም ጎልማሳ ሆኜ፣ ቀበቶ የሚያነሳብኝ በሌለበት።

እትዬ አስካለ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። በየበዓሉ እጄን ይዘው "በዚያ ክፉ ቀን ያልሸሸኸኝ አንተ ብቻ ነህ" እያሉ ይመርቁኛል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእሳቸው መናገር ሲገባኝ ለእናንተ መናገሬም ያው የለመድኩት ፍርሃት ነው። ባለፈው ፋሲካም ጎንበስ ብዬ፣ አሜን ብዬ፣ ተመርቄ ወጣሁ።