ከየከተማው ትይዩ ስም ጻፍ

የያዙኝ ሸዋ ሮቢት ኬላ ላይ ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ፈታሾቹ ሻንጣዬን በርብረው ደብተሬን አገኙ። አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገር እዞራለሁ፤ ያየኋቸውን ከተሞች ቤት በማይመታ፣ ግጥምም ዝርውም ባልሆነ ጽሑፍ አሰፍራለሁ። ለማንም አላሳይም ነበር።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ መታኝ። በእስረኛ ተጨናንቆ እግር መዘርጊያ አልነበረም። በሩ ሥር የተኙ ሽማግሌ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ቦታ ሰጡኝ። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ «ሽፍታ ቀልበሃል» ተብለው ነው የታሰሩት። ወባ ያንቀጠቅጣቸዋል።

«በምን መጣህ ልጄ?»

«በደብተር፣ አባባ።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ደሴን ‹ናፈቅሽኝ› ብለሃል። ደሴ ማን ናት?»

«ከተማ ናት።»

«ከተማ ይናፈቃል?»

በጥፊ መታኝ። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ።

«በከተማ ስም እንደምትጠራሩ እናውቃለን። እስከ ነገ ከየከተማው ትይዩ የሰው ስም ጽፈህ ታመጣለህ።»

ደሴ ቤቱ ያሳደረኝ ጓደኛ አለኝ፤ እሱም አስተማሪ ነው። ድሬዳዋ እህቴ አለች። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የጓደኛዬን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጽፌ እንደነበር አልክድም። በጣቴ አሽቼ አጠፋሁት።

ሽማግሌው አዩኝ። ነገሩን ስነግራቸው፣ «እስቲ የጻፍከውን አሰማኝ» አሉኝ።

ስለ ምጽዋ የጻፍኩትን በቃሌ አልኩላቸው፤ ጨው ስላረፈበት መስኮት፣ መርከብ ስለሚጠብቁ ሰዎች። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አባቴ በግመል ጠረፍ ድረስ ይወርድ ነበር። እኔ ባሕር አላየሁም። ድገመው።»

ደገምኩት።

«አሊዩ አምባንስ ጽፈሃል?»

«አላየኋትም።»

«አልሐምዱሊላህ! ይኸኔ የእኔንም ስም ይጠይቁህ ነበር።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «ስማቸውን ከሰጠህ ሰዎቹን እዚሁ ታገኛቸዋለህ፣ ልጄ። ቦታ ደግሞ የለም።»

ሽማግሌው በማግስቱ ቀትር ላይ ሞቱ። ቆርቆሮውን ደበደብን፤ በሩ የተከፈተው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ሁለት እስረኞች በሽማግሌው ጋቢ ጠቅልለው ሲያወጧቸው ዘበኛው «ቀጣይ» ብሎ ጠራኝ።

ወረቀቱን ለመርማሪው ሰጠሁት። ከደሴ ትይዩ የራሴ ስም አለ። ከድሬዳዋም፣ ከምጽዋም፣ ከሁሉም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። ግራ ጆሮዬ ዛሬም አይሰማም።

ከዓመታት በኋላ ስፈታ ደሴ ሄድኩ። ጓደኛዬን፣ እኔ በተያዝኩ በወሩ፣ ሌላ ሰው ጠቁሞት ወስደውታል። አልተመለሰም። ያን ሁሉ ችዬ አንድም ሰው አላተረፍኩም። ስለ ከተማም ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልወጣኝም።

በዓመት አንዴ እናቱን ልጠይቅ እሄዳለሁ። አርጅተዋል። በራፍ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥና ስለ ልጃቸው እናወራለን። ስሙን ሳነሳ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም ሳላፍር ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።